ተንቀሳቃሽ መቅረጸ ድምፅ፣ ዑኸር 4000 ሪፖርት

ብረት፣ ፕላስቲክ፣ መግነጢሳዊ ክር። 1960ዎቹ እ.ኤ.አ.፤ ሙኒክ፣ ምዕራብ ጀርመን።

በአምስት የባትሪ ድንጋይ የሚሠራውንና በትከሻ የሚነገተውን ይህን መሣሪያ የብሪታንያ ጋዜጠኞችና የቃል ታሪክ ሰብሳቢዎች ወደ አረጋውያን ቤት ይዘውት ይገቡ ነበር። ክሩን ቀረብ ብለው ይመልከቱ፤ ቡናማ መልክ የሰጠው፣ የሰውም ድምፅ የሚታተምበት፣ የደቀቀ የብረት ዝገት (የብረት ኦክሳይድ) ዱቄት ነው። አንዱ ጥቅል በሴኮንድ 9.5 ሳንቲ ሜትር ሲጓዝ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ስለሚይዝ፣ ክሩ እስኪገለበጥ ድረስ ተናጋሪው ትዝታቸውን በመካከል ይገቱ ነበር።

የእንግሊዝን ገጠር ለመጠበቅ ቀድመው የተነሡት ሰዎች፣ ማለትም ባለቤታቸውን በአንደኛው የዓለም ጦርነት አጥተው በ1924 በሼፊልድ የገጠሩን ውበት የሚጠብቅ ማኅበር ያቋቋሙት ወይዘሮ ኤቴል ሄይቶርንትዌይትና፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1932 ከመሪያቸው ከቤኒ ሮትማን ጋር ወደ ተከለከለው የኪንደር ስካውት አምባ የወጡት ወጣት ሠራተኞች፣ እንዲህ ያለው መሣሪያ በተስፋፋበት ዘመን አርጅተው ወይም ወደ እርጅና ተቃርበው ነበር። ከተጓዦቹ አምስቱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ታስረዋል፤ የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ በ1949 ወጣ፤ ኪንደር የሚገኝበት ፒክ ዲስትሪክትም በ1951 የመጀመሪያው ፓርክ ሆነ።

ይህን ቅደም ተከተል ቃለ ጉባኤና የፍርድ ቤት መዝገብ አሟልተው ያስረዳሉ። ክሩ የሚጨምረው፣ በእኛ አስተያየትም እጅግ የከበረው፣ የተናጋሪው የአገር ቤት አነጋገር፣ ትንፋሹና ከመልሱ በፊት ያለው ዝምታ ነው።