የአንጥረኛው ትንፋሽ

ማሪያ ትሬዛ ብር በወሎ ገበያ ሁለት ሥራ ነበረው። ሲከፍሉበት ገንዘብ ነው፤ አንጥረኛ እጅ ሲገባ ደግሞ መስቀል፣ አልቦ ወይም የክታብ ማኅደር ይሆናል። ክርስቲያኑም እስላሙም ከዚያው ከአንዱ ብር ይጌጡ ነበር። እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ዓመት የታተመበት ይህ ገንዘብ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ብር ነው፣ የቀረው መዳብ።

አንጥረኛው ቀለበቱን ከመስቀሉ ጋር ሲበይድ ጭንቁ አንድ ነው፤ ማጣበቂያው ከጌጡ ቀድሞ መቅለጥ አለበት። ስለዚህ ከብሩ ቆርሶ መዳብ ይጨምርበታል። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው 961 ዲግሪ ላይ ሲሆን፣ ከመቶ 28 እጅ መዳብ የገባበት ግን 779 ላይ ውኃ ይሆናል። ዝገት እንዳያግደው ቦራክስ ነስንሶ፣ ጉንጩን ነፍቶ በቀጭን ቧንቧ ትንፋሹን ወደ እሳቱ ይሰዳል። ትንፋሹ ከበዛ ጌጡ ራሱ ይፈሳል።

እንዲህ ያለው ባለሙያ በስድብ ስም ሲጠራ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ የቱን ያህል ከፍቶ እንደነበር ያሳያል። በያጅ ቢሆንም የዛሬውን ስልክ ጠጋኝ በዚያ ዓይን የሚያየው የለም። ሙያው ባሕር ተሻግሮ ስለመጣ ይሆን?

በሁለቱ መካከል ሬዲዮ አለ። ብሥራተ ወንጌል የተባለው ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሥርጭት ሲጀምር፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ትራንዚስተር መብራት ለሌለው አገር ሁሉ የሚሆን ዕቃ ነበር። የውስጥ ዕቃዎቹ እግር አላቸው፤ እግሩ በቦርዱ ቀዳዳ አልፎ ከጀርባ ይበየዳል። ለዚህ ከሰል ላይ የጋለ ባለመዳብ ራስ ብረት ይበቃል፤ ቆርቆሮና እርሳስ 63 ለ37 ሲደባለቁ 183 ዲግሪ ላይ ይቀልጣሉና።

ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያ እያደር ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ እስካሉት እስከ መካነ ሰላምና ወግዲ ዘለቀ። ስልኩ ሲከፈት ግን እግር ያለው ዕቃ የለም ማለት ይቻላል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አይቢኤም ለሳተርን ሮኬት ኮምፒውተር የተጠቀመበት ዘዴ፣ ዕቃውን ከቦርዱ ፊት ላይ ለጥፎ መበየድ፣ ኪስ ውስጥ ገብቷል። 1 ሚሊ ሜትር በ0.5 የሆነችው ቁራጭ ከጤፍ ፍሬ አትበልጥም።

እሷን ለመበየድ ወረንጦ፣ ቀጭን መበየጃ፣ አጉሊ መነጽርና ሙጫ መሰል ማጽጃ ይበቃሉ። ጫፎቿ በቀለጠው ብረት ሲርሱ ብረቱ ራሱ ስቦ ቦታዋ ላይ ያስቀምጣታል። አንድ ጫፏ ቀድሞ ከቀለጠ ግን እንደ ሐውልት ቀጥ ብላ ትቆማለች። ብዙ ቦታ ላይ የተበየደውን ዕቃ ለማንሳት ሙቅ አየር የሚነፋ መሣሪያ አለ፤ የጥንቱ ቧንቧ ነው፣ ጉንጩ ብቻ ቀርቷል። ውጭ አገር ያሉ ጀማሪዎች ሙሉ ቦርድ በኤሌክትሪክ መጥበሻ ላይ ይበይዳሉ። የእንጀራ ምጣድም ሲግል ወደ 200 ዲግሪ ስለሚደርስ እርሳስ ላለበት ብየዳ አያንስም፤ እርሳስ የነካው ምጣድ ግን ዳግም እንጀራ አይጋገርበትም።

የአውሮፓ ኅብረት ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአብዛኛው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ውስጥ እርሳስን ከለከለ። ስለዚህ እርሳስ የሌለበት የአዳዲሶቹ ስልኮች ብየዳ የሚቀልጠው 217 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያን ያህል ሲሞቅ አጠገቡ ያለው ፕላስቲክ ይጎብጣል። ጠጋኙ መላ አለው። እርሳስ ያለበትን አሮጌ ቅይጥ ጥቂት ያቀልጥበትና ሁለቱ ሲዋሃዱ መቅለጫው ዝቅ ይላል፤ አንጥረኛው ብሩ ላይ መዳብ እንደሚጨምረው።