ግንቡ ያላዳናቸው

ለሥራም ሆነ ለዕረፍት ወደ ኬንያ መሄድ ቢገጥምዎ ሞምባሳን ሳያዩ አይመለሱ። በባሕሩ ዳር ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. ከ1593 እስከ 1596 ያሠሩት ፎርት ጂሰስ የተባለ ምሽግ አለ። ንድፉን ያወጣው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የተባለ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነው።

ፖርቱጋሎች ለእኛም እንግዳ አይደሉም። በ1498 ሞምባሳ የደረሰው የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶፎር በ1541 አራት መቶ ያህል ወታደሮች ይዞ ከምጽዋ ወደ አገራችን ዘልቆ፥ በዓመቱ እዚያው ተገድሏል።

ግንቡን ሲያዩት «ይህንን ማን ይደፍረዋል?» ያሰኛል። የደፈረው ግን ራሳቸው ጎዋ ወስደው፥ ክርስትና አንሥተው ያሳደጉት የሞምባሳ ሱልጣን ነው። በ1631 በሩ ተከፍቶለት ገብቶ አዛዡን ገደለ። ፖርቱጋሎች ተመልሰው ቢይዙትም በ1696 የኦማን ዐረቦች ከበቡት። ከበባው ሠላሳ ሦስት ወር ያህል ፈጀ። ውስጥ የነበሩትን ከመድፍ ይልቅ የጨረሳቸው በሽታ ነበር። በ1698 መጨረሻ ኦማኖች ሲገቡ የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ቆይቶም እንግሊዞች መጡና ከ1895 እስከ 1958 እስር ቤት አደረጉት። ዛሬ ሙዚየም ነው፤ በ2011 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

እንግዲህ ሲጎበኙ የግንቡን ውፍረት ብቻ አድንቀው አይውጡ። ግንብ ከውጭ የሚመጣውን ይመልስ ይሆናል፤ በበር የገባውን ቂምና በውስጥ ያደረውን በሽታ ግን አይመልስም። የሠሩትም፥ የከበቡትም፥ ያሰሩበትም አልፈዋል። ዛሬ በሩ ላይ ቲኬት ቆርጦ የሚያስገባዎ የአገሩ ልጅ ነው።