የአነስተኛ የውኃ ኃይል ግድብ ደኅንነት በሐይቅና በአምባሰል መልክዓ ምድር

የአነስተኛ የውኃ ኃይል ግድብ ደኅንነት አብዛኛውን ጊዜ እስከ 10 ሜጋ ዋት ለሚያመነጩ ጣቢያዎች ውኃ የሚይዝ ወይም የሚጠልፍ ግድብ እንዳይደረመስ የሚከናወን የዲዛይን፣ የግንባታ፣ የክትትልና የጥገና ሥራ ነው። የጣቢያው አቅም በሜጋ ዋት ይለካል፤ ከግድቡ በታች ለሚኖረው ሕዝብ የሚያሰጋው ግን የግድቡ ከፍታና ያቆረው ውኃ ብዛት ነው። በዚህ ምክንያት ዓለም አቀፉ የትላልቅ ግድቦች ኮሚሽን ትልቅ ግድብ የሚለው ከመሠረቱ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚረዝመውን፣ ወይም ከ5 እስከ 15 ሜትር ሆኖ ከ3 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ በላይ ውኃ የሚይዘውን ነው።

መልክዓ ምድር

የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ ውጫሌ ደግሞ ከእርሷ አልፎ በወልድያ መንገድ ላይ ናት። አካባቢው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ያረፈ ነው። ከተራራው ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውኃ በበሽሎ በኩል ወደ ዓባይ፣ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው በሚሌ በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል። ሎጎ በመባልም የሚታወቀው፣ በከተማዋ አጠገብ ያለው ሐይቅ ግን በገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ ከአርድቦ ሐይቅ በኩል የሚመጣው የአንከርካ ወንዝ ይገባበታል። ዝናቡ በበልግና በክረምት ይጥላል፤ ከባዱ የሐምሌና የነሐሴ ነው። ለኃይል ማመንጫ የሚመቸው ቁልቁለት ጎርፉንም ያፈጥነዋል።

ከፍታና ኃይል

የሚመነጨው ኃይል በውኃው ብዛትና በሚወርድበት ከፍታ ይወሰናል። በሰከንድ 1 ሜትር ኪዩብ ውኃ 50 ሜትር ቁልቁል ቢወርድ፣ በ80 በመቶ ብቃት 390 ኪሎ ዋት ገደማ ይሰጣል። ያንኑ ኃይል በ10 ሜትር ከፍታ ለማግኘት አምስት እጥፍ ውኃ ያስፈልጋል። ስለዚህ እንደ አምባሰል ባለ ተራራማ አገር ከፍታውን ከግድቡ ይልቅ ከመሬቱ ማግኘት ይቻላል። ዝቅ ያለ የወንዝ ጠለፋ፣ የደለል ማስቀሪያ ገንዳ፣ የተራራውን ወገብ ይዞ የሚሄድ ቦይና ወደ ተርባይኑ የሚወርድ ቧንቧ ይበቃል። ብዙ ውኃ ስለማይከማችም ጠለፋው ቢፈርስ የሚለቀቀው ጎርፍ ትንሽ ነው። ችግሩ ወንዙ በበጋ ሲመነምን ኃይሉም አብሮ መቀነሱ ነው።

በአማራ ክልል የዚህ አሠራር ታዋቂ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው ጢስ ዓባይ ቁጥር 1 ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በሚሰጠው ከፍታ 11.4 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተሠራ። የበጋውን የውኃ እጥረት ለማቃለል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባሕር ዳር ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ተሠርቶ ከጣና የሚወጣውን ውኃ መምራት ተጀመረ።

የመደርመስ መንስኤዎች

የአፈር ግድብን በብዛት የሚያፈርሱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ጎርፍ ነው። የጎርፍ ማስተንፈሻው ከጠበበ ወይም በግንድና በደለል ከተዘጋ ውኃው በግድቡ አናት ላይ ይፈስሳል፤ የታችኛውን ገጽም እየሸረሸረ ይንደዋል። በጳጉሜን 2015 ዓ.ም. በሊቢያ ደርና ከተማ በላይ የነበሩ ሁለት ግድቦች በአንድ ሌሊት ዶፍ ፈርሰው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል።

ሁለተኛው የውስጥ ሽርሸራ ነው። በማንኛውም የአፈር ግድብ ጥቂት ውኃ ይሰርጋል፤ የጠራና መጠኑ የማይለዋወጥ ከሆነ አያስደነግጥም። ከደፈረሰ ወይም በድንገት ከጨመረ ግን የግድቡን አፈር ይዞ እየወጣ ነውና አፋጣኝ እርምጃ ይሻል። በግድቡ ላይ የሚበቅል ዛፍና ጉድጓድ የሚቆፍር እንስሳም ለውኃው መንገድ ይከፍታሉ። ግድብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ ቀስ በቀስ እንዲሆን የሚደረገውም የተደበቀው ድክመት ያን ጊዜ ስለሚገለጥ ነው።

በወሎ የመሬት መንቀጥቀጥም ይታሰባል። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተ ደቡብ በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው፣ መጠኑ ከ6 በላይ የሆነው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አውድሟል። በዚህ የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ የሚሠራ ግድብ የመሠረቱ አለትና የዳር ተዳፋቱ መረጋጋት አስቀድሞ መጠናት አለበት።

ደለል

በኢትዮጵያ ደጋ ግድብን ቀስ በቀስ የሚገድለው ደለል ነው። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው 6.6 ሜጋ ዋቱ የአባ ሳሙኤል ጣቢያ የአገሪቱ የመጀመሪያ የውኃ ኃይል ማመንጫ ነው። ሐይቁ በደለል ተሞልቶ፣ መሣሪያው አርጅቶ ለአሥርተ ዓመታት ከቆመ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ሥራ ጀመረ። የደለል ጉዳት ኃይል መቀነሱ ብቻ አይደለም፦ የጎርፍ መያዣ ቦታውን ይነጥቃል፣ የታችኛውን የውኃ መልቀቂያ ይደፍናል፣ በግድቡ ላይ ተጨማሪ ግፊት ያሳርፋል።

ስለዚህ የግድብ ጥበቃ የሚጀምረው ከተራራው ነው። እርከን፣ ክትርና ከከብት ንክኪ የተጠበቀ ተዳፋት አፈሩን ከማሳው ያስቀራሉ። በደቡብ ወሎ ማይባር እ.ኤ.አ. በ1981 የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ይህን የአፈር መታጠብ ሲለካ ኖሯል።

ክትትልና ኃላፊነት

የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውኃ ሥራ ግንባታ በፈቃድ እንዲከናወን ይደነግጋል። ፈቃዱ ዲዛይኑን ያስመረምራል፤ ግንባታው ካለቀ በኋላ ግን ቀጣይ ክትትል የግድ ነው። በኬንያ ሶላይ በግንቦት 2010 ዓ.ም. የአንድ እርሻ ግድብ በሌሊት ተደርምሶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ግድቡ ለመስኖ የተሠራ ነበር።

የአነስተኛ ግድብ መደበኛ ክትትል ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሠለጠነ ጠባቂ የውኃውን ከፍታና የሚሰርገውን መጠን በየቀኑ ይመዘግባል፤ ከክረምት በፊት ማስተንፈሻው ይጠረጋል፣ መዝጊያዎቹ ተከፍተው ይሞከራሉ፤ ከከባድ ዝናብና ከመንቀጥቀጥ በኋላ ስንጥቅና የአፈር መንሸራተት ይፈተሻል። ግድቡ ቢፈርስ ጎርፉ የሚደርስባቸው ቀበሌዎች ቀድመው በካርታ ይለያሉ፤ ማን እንደሚያስጠነቅቅና ሕዝቡ በየት በኩል ወደ ከፍታ እንደሚወጣም ከነዋሪው ጋር ይወሰናል። ለዚህ ሥራ የሚከፈለው ደመወዝና የጥገና በጀት ከግንባታው ወጪ ጋር አብሮ ካልታቀደ ግድቡ በተመረቀ ማግስት ያለ ጠባቂ ይቀራል።