ማታቱ፦ ስሙ ላይ የቀረ ዋጋ

ኢስሊ የምንነግድ ሰዎች በጠዋት 6 ወይም 9 ቁጥር ማታቱ ላይ ያልተጋፋን የለንም። እኔ ናይሮቢ እንደመጣሁ ማታቱ ማለት የመኪናው ዓይነት ይመስለኝ ነበር። ለካ ሒሳብ ነው!

በስዋሂሊ «ታቱ» ሦስት ነው። አሥር ሳንቲም ድሮ «ፔኒ» ይባላል፤ ሲበዛ «ማፔኒ» ይሆናል። በስዋሂሊ ቁጥሩ የሚቆጠረውን ነገር ስለሚከተል እሱም «ማ» ይጨምርና ሦስት አሥር ሳንቲም «ማፔኒ ማታቱ» ይባላል። የያኔው ታሪፍ ይኸው 30 ሳንቲም ነበር። ከኪኩዩ የመጣ ነው የሚሉም አሉ፤ እነሱም የሚያነሱት ያንኑ ሦስት አሥር ሳንቲም ነው። ሳንቲሙ ከአፍ ወደቀና ቁጥሩ ብቻ ቀረ።

መኪኖቹ መጀመሪያ ያለ ፈቃድ፣ ከፖሊስ እየተደበቁ ነበር የሚሠሩት። በ1973 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዲሠሩ ፈቀዱላቸው፤ ከዚያ በኋላ ከተማውን ሞሉት።

አዲስ አበባ ደግሞ ተሳፋሪ ፊት ለፊት የሚያስቀምጠውን ታክሲ «ውይይት» ብለነዋል። እኛ በወሬው፣ እነሱ በሒሳቡ።

ዛሬ በ30 ሳንቲም የሚሳፈር የለም። ዝናብ ከጣለማ ረዳቱ የጠራው ነው ዋጋው። ሰሞኑን ሱቄ የምትሠራው ልጅ ታሪፉ እጥፍ ሆኖባት በዝናብ በእግሯ መግባቷን ሰማሁ። አሁን ዝናብ በጣለ ቀን የመሳፈሪያ ጨምሬ እሰጣታለሁ።