መከሩለት ወይስ መከሩበት? በስውር ስለሚሠራ ሥራ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩ ስናይ «ምን እየዶለቱ ይሆን?» እንላለን። «እየተመካከሩ ነው» ማለት ስንችል «ዱለታ» የሚለውን ቃል ከመረጥን ግን ፍርዱን ከምስክሩ አስቀድመናል ማለት ነው። በዛሬው ዝግጅታችን በስውር ለሚሠራ ሥራ የምንሰጠውን ስም ከታሪክ ጋር አያይዘን እንመለከታለን።

ቁርኣን ለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል ብቻ አይጠቀምም። በልብ ወይም በጥቂቶች መካከል የተያዘ ነገር «ሲር» ነው። ከሌላው ተለይቶ መንሾካሾክ «ነጅዋ» ይባላል። ሌላው ሳያውቅ የሚጠነሰስ ዕቅድ ደግሞ «መክር» ነው። ሱረቱ ኒሳእ (4፡114) አብዛኛው ሹክሹክታ መልካም እንደሌለበት ይነግረንና ምጽዋትን፣ በጎ ሥራንና ሰዎችን ማስታረቅን ለይቶ ያወጣል። ሱረቱል በቀራህ (2፡271) ደግሞ ለድሆች ተሰውሮ የሚሰጥ ምጽዋት የተሻለ መሆኑን ያስተምራል። ስለዚህ መሰወሩ ብቻውን ወንጀልም ጽድቅም አይደለም።

ይህን ከሂጅራው ታሪክ በግልጽ እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. በ622 የቁረይሽ ሹማምንት በዳሩ ነድዋ ተሰብስበው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ለመግደል ዶለቱ። ከየጎሣው አንድ ወጣት ተመርጦ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲመታ ተስማሙ። ደሙ በጎሣዎች ሁሉ ላይ ሲበተን ተጠያቂ አይገኝም ብለው ነበር።

ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በስውር ወጡ። መዲና በስተሰሜን ሳለች እርሳቸው ከአቡበክር (ረ.ዐ) ጋር በስተደቡብ ወዳለው የሠውር ዋሻ ሄደው ሦስት ሌሊት ቆዩ። የአቡበክር ልጅ ዐብዱላህ ቀን ከቁረይሾች መካከል ውሎ የሰማውን ማታ ያደርስ ነበር። አስማእ (ረ.ዐ) ስንቅ አዘጋጀች። ዓሚር ኢብኑ ፉሀይራ በጎቹን እየነዳ የእግር ዱካውን ያጠፋ ነበር።

እንግዲህ ሁለቱም ወገን ምስጢር ጠብቋል። አማርኛችን ልዩነቱን በአንዲት ፊደል ይገልጸዋል፦ አንዱ ወገን መከረበት፣ ሌላው መከረለት። አንዱ ነፍስ ለማጥፋት ተሰወረ፣ ሌላው ነፍስ ለማዳን።

ወደ አገራችን የተደረገውንም ስደት እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ615 የመጀመሪያዎቹ ሰሃቦች ከመካ ተደብቀው ወጥተው ወደ ሐበሻ ተሻገሩ። በኋላ የቁረይሽ መልክተኞች ተከትለው መጡ፤ ስደተኞቹ ሳይጠየቁ ተላልፈው እንዲሰጡ አስቀድመው ለሹማምንቱ ስጦታ አደሉ። ነጃሺ ግን ሳልሰማቸው አልፈርድም አለ። ተደብቀው የወጡት ሰዎች በአደባባይ ቆሙ፤ ጃዕፈርም (ረ.ዐ) እምነታቸውን ሳይሸሽግ ተናገረ። በመልክተኛ ስም በግልጽ የመጡት ግን ሥራቸውን በጓሮ በር ጀምረው ነበር።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬም የሰፈር ሽማግሌዎች ባልና ሚስት ለማስታረቅ በራቸውን ዘግተው ይቀመጣሉ። የመስጂድ ገንዘብ የተሰበሰበበትን ሒሳብ ከሰጪው መደበቅ ግን ሌላ ነው። ሁለቱንም «በምስጢር» ካልናቸው አንዱን እናማለን፣ ሌላውን እንሸፍናለን። ስለዚህ ስም ከመስጠታችን በፊት እንጠይቅ፦ ይህ የተሰወረው ለማን ነው? በማን ላይስ ነው? ነገ ቢገለጥ ማን ያፍራል?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዚያች የጭንቅ ሌሊት ዐሊይን (ረ.ዐ) በመካ ያስቀሩት ሰዎች በእርሳቸው ዘንድ ያኖሩትን አማና ለየባለቤቱ እንዲመልስ ነበር። ሊገድሏቸው በሚያሳድዷቸው ሰዎች ከተማ የሰው ገንዘብ ይዘው አልሄዱም። ከዓይን ተሰወሩ እንጂ ከሐቅ አልተሰወሩም።

አላህ (ሱ.ወ) ስውራችንን ከግልጻችን ያሳምርልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።