ከሞጣ እስከ ሰባራ ድልድይ በእግር፦ ስለ ገመድ ጎታቾቹ

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን የለጠፍኳትን የአባይ ፎቶ አይታችሁ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር «ጋሼ፣ ይሄ የፖርቹጋሎቹ ድልድይ ነው እንዴ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። በአንድ መስመር የሚመለስ አይደለምና ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ቡና ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

«የፖርቹጋል ድልድይ» የሚባሉ ሁለት የአባይ ድልድዮች አሉ። አንደኛው ጢስ አባይ ፏፏቴ አጠገብ ያለው፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1620ዎቹ የተሠራው ነው። በዚያ ጊዜ ኢየሱሳውያን ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበሩ፤ የኖራ አሠራሩንም ከሕንድ የመጣ የእጅ ባለሙያ እንዳሳየ ራሳቸው ጽፈዋል። የእኛው፣ የሞጣው፣ የሚነገረው ግን በአፄ ፋሲል ነው። ፋሲል እነማንን ከአገር አባረረ? እነዚያኑ ኢየሱሳውያን! ክፍል ውስጥ ይህን ስጠይቅ ከኋላ ወንበር የሚነሳውን ሳቅ አሁንም አልረሳውም። ሙያው ከእነሱ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ድንጋዩን የተሸከመው የአገሬው ትከሻ ነው። ስለዚህ እኔ ሰው በሚጠራው ስም «ሰባራ ድልድይ» እላለሁ።

ወደ ጉዞው ልግባ። ከሞጣ የተነሳነው ገና ሳይነጋ ነው፤ አራት ሰዎች፣ አንዲት በቅሎ፣ ዳቦና ቆሎ። ሞጣ ደጋ ናት፣ ከ2400 ሜትር በላይ፤ ጠዋት ጋቢ ታስለብሳለች። መንገዱ መጀመሪያ በእርሻ መሃል ይሄዳል። ዛፍ የምታዩት ባሕር ዛፍ ብቻ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን አጸድ ጋ ስትደርሱ ግን ሌላ ዓለም ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ብሳናው ተጠላልፎ ፀሐይ አያስገባም። ድሮ ደጋው ምን ይመስል እንደነበር ማየት የፈለገ ሰው እዚያ ግቢ ይግባ፤ ሌላ መዝገብ የለንም። ኖራ የሚገኘው ድንጋዩ በእሳት ሲቃጠል ነው፤ እሳቱ ደግሞ እንጨት ይበላል። ይህን ሁሉ እያሰብኩ ስሄድ ጓደኞቼ ጥለውኝ ሄደው ነበር።

ከዚያ ቁልቁለት። ጋቢው ይወልቃል፣ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ ግራሩ ይጀምራል። ቆላ ስትወርዱ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊት ነው። አባይን መጀመሪያ በጆሯችሁ ነው የምታውቁት። ዳርዳሩን ይዘን፣ አለቱን እየረገጥን ሄድን። አዞ አለ ስላሉን ውኃው አጠገብ ማንም አልተቀመጠም፤ እኔማ የበቅሎዋን ጭራ ነበር የያዝኩት።

ድልድዩ ሲታይ ድካም ይጠፋል። ቅስቶቹ ከሁለቱም ወገን መጥተው፣ መሃል ላይ፣ ወንዙ በሚጠብበት ቦታ፣ ባዶ ነው። ያ ባዶ ቦታ የተፈጠረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገር ብለው እንደሰበሩት ይነገራል። እኔ የቢቸና ሰው ስለሆንኩ ነገሩ ቶሎ ይገባኛል። በእኛም በኩል እነ በላይ ዘለቀ የአባይን በረሃ መሸሸጊያም መዋጊያም አድርገውት ነበር። ጎጃምን አባይ ከሦስት ወገን ከቧታል፤ ድልድይ ማለት የአጥር በር ነው። በሩን ዘጉት።

የሚያስቆጨኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጣሊያን በ1933 ወጣ፤ ድልድዩ ግን አልተጠገነም። ንጉሡ አለፉ፣ ደርግ አለፈ። ከስልሳ ዓመት በላይ! ማዶ ግን ዘመድ አለ፣ ገበያ አለ፣ ጸበል አለ። እና ሰው ምን አደረገ? ከወዲህም ከወዲያም ጠንካራ ወንዶች ቆመው ገመድ ዘረጉ። ተሻጋሪው ወገቡ ላይ ይታሰራል፣ ከወዲያ ይስቡታል፣ ከወዲህ እየለቀቁ ይይዙታል፤ ከሥሩ አባይ። እህሉም፣ ሴቱም፣ በሽተኛውም እንዲሁ። ገመድ የተበጠሰ ቀን ደግሞ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ እነዚህ ጎታቾች በፎቶ ወጡ። ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ሰው ፎቶውን አየና ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የሚባል ድርጅት አቋቋመ፤ በ2002 ክፍተቱን በብረት ሞሉት። በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 ከጎርፉ በላይ ከፍ ብሎ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ዛሬ ልጃገረዶች እንስራ አዝለው ሲሻገሩበት አየሁ፣ ወደ ታች እንኳን አያዩም። ድርጅቱ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ድልድይ ሠርቷል፤ መነሻው ግን የእኛ ገመድ ጎታቾች ናቸው። የፍራንትዝን ስም ኢንተርኔት ላይ በሰከንድ ታገኛላችሁ። የፋሲልንም። ገመዱን ሲጎትቱ የኖሩት ሰዎች ስም ግን የትም የለም። ፎቶ ናቸው፣ በቃ።

አመሻሽ ላይ ከአፋፉ ሥር ያለች መንደር አደርን። የቤቱ ባለቤት ሽማግሌ መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩኝ፤ ጠባሳው እንደ መስመር ነው፣ ከአውራ ጣት እስከ አንጓ። «ገመድ ነው» አሉና ጠላ ቀዱልኝ።

የሞጣ፣ የእስቴ፣ የአንዳቤት ልጆች፦ አባታችሁ ወይም አያታችሁ ገመድ ከጎተቱት አንዱ ከነበሩ ስማቸውንና በየትኛው ወገን ይቆሙ እንደነበር ጻፉልኝ። ደብተር ከፍቻለሁ፤ እስካሁን አሥራ አንድ ስም አለኝ።