ወረርሽኝና የእሴቶች መሸጋሸግ፦ ባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ በ2012 ዓ.ም.

የግል እሴት ሰው በሕይወቱ የትኛውን ነገር ማስቀደም እንዳለበት የሚመዝንበት የረጋ መለኪያ ነው። ስሜት በሰዓታት ይለዋወጣል፤ እሴት ግን ከጉልምስና በኋላ እምብዛም አይናወጥም። የሥነ ልቦና ምሁሩ ሻሎም ሽዋርትዝ እ.ኤ.አ. በ1992 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ አሥር መሠረታዊ እሴቶችን በክብ ዙሪያ አስቀምጧል። በክቡ ላይ የተቀራረቡት አብረው ይጠነክራሉ፤ ፊት ለፊት የሚተያዩት ይሻማሉ። ደኅንነትና ትውፊት ሁለቱም ነባሩን ሥርዓት ለመጠበቅ የሚሹ በመሆናቸው በአንድ ወገን ይገኛሉ፤ በተቃራኒያቸው የቆመው ነጻነትንና አዲስ ነገርን መሻት ነው።

ኮቪድ-19 ይህ ንድፈ ሐሳብ የሚፈተንበት አጋጣሚ ሆነ። በአውስትራሊያ ከወረርሽኙ በፊት ጀምሮ የሰዎችን እሴት ሲለኩ የቆዩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ ሥርዓትንና መረጋጋትን የሚያስቀድሙ እሴቶች ከፍ፣ ለለውጥ ክፍት የሚያደርጉት ደግሞ ዝቅ ማለታቸውን አገኙ። ለሌሎች ማሰብ የቀነሰው ዘግይቶ ነው። ሥጋት የያዘው ሰው የለመደውን አጥብቆ ይይዛል የሚለው ማብራሪያ ለዚያ አገር በቂ ሊሆን ይችላል። በጣና ዳርቻ ግን ደኅንነትና ትውፊት አብረው አልተጓዙም፤ ደኅንነት የጠየቀው ትውፊትን መተው ነበርና።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በሽታው በአማራ ክልል እንደታየ የክልሉ መንግሥት በባሕር ዳር፣ በእንጅባራ፣ በአዲስ ቅዳምና በቲሊሊ ከመጋቢት 22 ጀምሮ ለ14 ቀናት እንቅስቃሴ እንዲገታ ወሰነ። መጋቢት 30 ደግሞ በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብና መጨባበጥ ተከለከለ። ወቅቱ የዐቢይ ጾም ማብቂያ ነበር፤ ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 11 ነው። ምእመናን ሕማማትን በየቤታቸው እንዲሰግዱ ተጠየቁ፤ ሙስሊሞችም ወዲያው የገባውን ረመዳን ያለ ጀመዓ ሶላት አሳለፉት።

የደኅንነትና የትውፊት ግጭት ከሁሉ በላይ የጎላው በለቅሶ ቤት ነው። በባሕር ዳር ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ አግዳሚና ድስት ያወጣል፤ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ፣ እንጀራ ጋግሮ ይመጣል፤ ዘመድ ለቀናት ከሐዘንተኛው አጠገብ አይጠፋም። ለቅሶ የቀረ ሰው ወቀሳው ለዓመታት ይከተለዋል። በዚያ ሚያዝያ ግን ድንኳኑ ከዕድሩ ዕቃ ቤት እንዳይወጣ ሆነ። ለቀስተኛ ከመጣም ደጃፍ ላይ ቧንቧ ከተገጠመለት ጀሪካን እጁን ታጥቦ፣ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ሳይቀመጥ መመለስ ነበረበት። ለወጣቱ ይህ ከባድ ቢሆንም ምክንያቱ የሚገባው ነበር፤ በዕድሜ ከገፋች እናት መራቅ እርሷን ማክበር መሆኑን ተቀበለ። ለብዙ አረጋውያን ግን ሳይለቀስላቸው መቀበር ከበሽታው የከፋ ነበር። ይህን አመለካከት በግንዛቤ ማነስ ብቻ መተርጎም ትልቅ ስሕተት ነው። አደጋውን እያወቁ ሌላ እሴት ያስቀደሙ ሰዎች ነበሩና።

ትውፊት ራሱም አንድ ወጥ አይደለም። ደጋ እስጢፋኖስን፣ ክብራን ገብርኤልንና ጣና ቂርቆስን በመሰሉ ገዳማት በተከበበ አካባቢ ከሰው ተለይቶ መኖር ከጥንት የሚከበር ምርጫ ነው፤ ሱባኤ የሚገባ ሰው በዓቱን ዘግቶ ይከርማል። በቤት መቀመጥን እንደ ሱባኤ የተመለከተ ምእመን ከልማዱ የወጣ አልመሰለውም። ካህኑ መስቀሉን ሳያሳልም ከሩቅ ሲባርክ፣ አማኙም ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆሞ እጅ ሲነሳ፣ ደኅንነትና ትውፊት ለጊዜው ታረቁ። የጤና መልእክቱ በዚህ መንገድ ቢቀርብ ኖሮ የበለጠ ተሰሚነት ያገኝ ነበር ማለት ይቻላል።

ለሌሎች ማሰብም በመጀመሪያዎቹ ወራት ጎላ ብሎ ታየ። በአገሪቱ ልዩ ልዩ ከተሞች የተከራዮቻቸውን የወር ኪራይ የተዉ አከራዮች ነበሩ፤ ማዕድ ማጋራት በሚል ዘመቻ ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና ተሰበሰበ። ይሁን እንጂ ደኅንነትን ማስቀደም አቅም ይጠይቃል። የባጃጅ ሾፌሩ፣ ጎብኚ ወደ ገዳማቱ የሚያደርሰው ጀልባ ቀዛፊ፣ አሳ የምትቸረችረው ሴት ቤት ቢውሉ የሚበሉት የላቸውም። ከደንገል ታንኳና ሰፌድ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ሊታሰብ ይገባል። እነዚህ የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ሌላው ሕዝብ አብሯቸው ከመብላትና ከመጠጣት ሲቆጠብ የኖረ በመሆኑ፣ መራራቅ ለእነርሱ በ2012 ዓ.ም. የመጣ እንግዳ ነገር አልነበረም። የእሴት ለውጥን የሚለካ ጥናት እንዲህ ያለውን የኑሮና የታሪክ ልዩነት ካልያዘ፣ የድህነትን ግዴታ የእሴት ምርጫ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ሥጋቱ እንደ መጀመሪያው አልቀጠለም። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ላይ እንቦጭ የተባለውን አረም ከጣና ሐይቅ ለማስወገድ ሰፊ የሕዝብ ዘመቻ ተጀመረ፤ በዚያው ወር በ25ኛው ቀን በሰሜን ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ ኅዳር 4 ሌሊት ወደ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ሮኬት ተተኮሰ። ከዚያ ወዲያ ደኅንነት ሲባል በነዋሪው አእምሮ የሚመጣው ቫይረሱ አልነበረም። የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በአገሪቱ ክትባት መሰጠት ሲጀምር የለቅሶ ድንኳኖች ተመልሰው ተተክለው ነበር። ደኅንነት ከትውፊት በላይ የቆመው ሥጋቱ ትኩስ በነበረባቸው ወራት ብቻ ነው።

ከወረርሽኝ በኋላ የትኛው ልማድ እንደሚሰነብት የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ይጠቁማል። ያ ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚገመት ሰው ገድሏል፤ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። ከእርሱ የቀረው ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠል ልማድ ነው፤ «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ ከመቶ ዓመት በላይ ዘልቋል። የዘለቀውም የኅዳር ሚካኤል ዕለት ስለሆነና ሰፈር ተሰባስቦ የሚያደርገው ስለሆነ ነው። የኮሮና ጊዜ ልማዶች ግን፣ እጅ መታጠብም ጭምብልም፣ ከበዓል ጋርም ከዕድር ደንብ ጋርም አልተሳሰሩም፤ በአዋጅ እንደመጡ አዋጁ ሲያበቃ ላሉ።